አምፑ በርቶ ድምፅ ሲጠፋ፦ ከደብረ ማርቆስ የአንድ ጊታሪስት ተሞክሮ

ጊታር የምጫወተው ደብረ ማርቆስ ባለች አነስተኛ ባንድ ውስጥ ነው። በጥርና ከፋሲካ በኋላ ሠርግ ሲበዛ ከፍኖተ ሰላም እስከ ደጀን፣ ከደምበጫ እስከ ቢቸና እንዞራለን። ዕቃችን አይሱዙ ላይ ተጭኖ ይሄዳል። አስፋልቱ ሲያልቅ ጠጠር ነው። ጠጠሩም የሚያልቅበት ቦታ አለ። ደርሰን ድንኳን ውስጥ ስንዘረጋ አንዳንዴ የሚገጥመን ነገር ይሄ ነው፦ የአምፑ (የጊታሩን ድምፅ የሚያጎላው ሣጥን) መብራት በርቷል፣ ጊታሩ ተሰክቷል፣ ድምፅ ግን የለም።

ይህን የምጽፈው በእኛ አካባቢ ብዙ ጤነኛ አምፕ «ተቃጥሏል» ተብሎ ጥግ ይዞ ሲቀመጥ ስላየሁ ነው። በጣም ያሳዝነኛል። አንድ አምፕ እዚህ ለመድረስ ብዙ ልፋት አለበት። ወይ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጥቷል፣ ወይ ውጭ ያለ ዘመድ ልኮታል፣ ወይ አንድ ወጣት ዓመት ሙሉ ቆጥቦ ገዝቶታል። እንዲህ ያለ ዕቃ በቆሸሸ ጃክ (ኬብል የሚሰካበት ቀዳዳ) ምክንያት መጣል የለበትም።

ዋናው ነገር ድምፅ መንገድ እንዳለው ማወቅ ነው። ከክሩ ይነሳል። የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ በሚቀይረው በፒክአፑ በኩል ወደ ጊታሩ ጃክ ይሄዳል። በኬብሉ ያልፋል፣ ፔዳል (በእግር የሚረገጥ የድምፅ መቀየሪያ) ካለም በፔዳሉ፣ ከዚያ ወደ አምፑ ይገባል። አምፑ ውስጥ መጀመሪያ የሚቀበለው ፕሪአምፑ ነው። ጌይኑ (የሚገባውን ድምፅ የሚያጎላው ማዞሪያ)፣ ቤዙና ትሪብሉ ያሉት እዚያ ነው። ቀጥሎ ፓወር አምፑ ጉልበት ይሰጠዋል። መጨረሻ ላይ ስፒከሩ። የመስኖ ውሃ ሲቋረጥ ገበሬ ቦዩን ይዞ ይወጣል እንጂ ምንጩ ደርቋል ብሎ ወደ ቤቱ አይመለስም። እኛም መፈለግ ያለብን ድምፁ የት ድረስ ደርሶ እንደቀረ ነው።

መብራቱ ጭራሽ ካልበራ ጉዳዩ የኃይል ነው፣ ቶሎም ይለያል። ሶኬቱን በስልክ ቻርጀር ሞክሩት። ቀጥሎ ዲቫይደሩን። ሠርግ ላይ የሚዘረጉ ዲቫይደሮች ብዙ ጊዜ ውስጣቸው ላልቷል። ከዚያ የአምፑን የኃይል ገመድ ቀይሩ። ብዙ አምፖች የሚጠቀሙት የዴስክቶፕ ኮምፒውተር ዓይነት ገመድ ስለሆነ ከየትም መዋስ ይቻላል። ገመዱ የሚሰካበት ቦታ ላይ ትንሽ መሳቢያ ካለች ፊውዙ እዚያ ውስጥ ነው። ወደ ፊውዝ በኋላ እመለሳለሁ።

አስቸጋሪው መብራት በርቶ ድምፅ ሲጠፋ ነው። ቡሬ አካባቢ ለአንድ ሠርግ ሄደን የገጠመን እንዲህ ያለ ነበር። ሙሽሮቹ ሊደርሱ ጥቂት ቀርቷቸዋል። ሞንታርቦው ይሠራል፣ ኪቦርዱ ይሠራል፣ የእኔ አምፕ ዝም ብሏል። ሳውንድ የሚሠራልን ልጅ ረጋ ያለ ነው። «ጊታሩን ተወው፤ መጀመሪያ ጆሮህን ስፒከሩ ጋ አድርግና ማስተሩን ቀስ ብለህ ክፈት» አለኝ። ማስተር የጠቅላላውን ድምፅ መጠን የሚወስነው ማዞሪያ ነው። ሳደርገው «ሽ…» የሚል ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። ማስተሩን ስከፍት ይጨምራል፣ ስዘጋው ይቀንሳል።

ያ ትንሽ ሽውታ ብዙ ነገር ይናገራል። ፓወር አምፑ ሕያው ነው ማለት ነው። ስፒከሩም ሕያው ነው። ችግሩ ከእነሱ በፊት ካለው መንገድ ላይ ነው። ሽውታው ባይኖር ኖሮ፣ ሲበራና ሲጠፋ የሚሰማው «ዱብ» የሚል ድምፅም ባይኖር ኖሮ፣ ፊታችንን ወደ መጨረሻው ክፍል እናዞር ነበር። በአንድ ጊዜ ግማሹን መንገድ ከጥርጣሬ የሚያወጣ ፈተና ስለሆነ ከሌላው ሁሉ በፊት ይህን አድርጉ እላለሁ።

ቀጥሎ ፔዳሎቹን በሙሉ ነቀልንና ጊታሩን በአንድ ኬብል ቀጥታ ወደ አምፑ ሰካን። ይህን ማንም እንዳይዘለው። ባትሪው ያለቀ አንድ ፔዳል መሃል ላይ ተቀምጦ ድምፁን ሙሉ በሙሉ ሊዘጋ ይችላል። እግር የሚረግጠው ቲዩነርም (የጊታር መቃኛ) እንዲሁ ነው። ሲበራ ድምፅ እንዲዘጋ ተብሎ ነው የተሠራው፣ በጨለማ ድንኳን ውስጥ ደግሞ መብራቱ በርቶ መረሳቱ የተለመደ ነው። የእግር ማብሪያ ያለው አምፕ ከሆነም ቻናሉን ተመልከቱ። ጌይኑ ዜሮ ላይ ያለ ቻናል ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ የጣት ፈተና። ቮሊዩሙን ዝቅ አድርጋችሁ ኬብሉን ከጊታሩ ንቀሉት። በአምፑ በኩል እንደተሰካ ይቆይ። የኬብሉን ጫፍ በጣት ስትነኩ «ዝዝ» የሚል ወፍራም ድምፅ መውጣት አለበት። ጣታችን ዙሪያችን ካለው የ50 ኸርዝ የመብራት መስመር የሚለቅመው ነው። ዝዝታው ከወጣ ኬብሉም አምፑም ደህና ናቸው፣ ችግሩ ጊታሩ ላይ ነው። ካልወጣ ኬብሉን ቀይሩና ድገሙት። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። የአምፑ ብረት ወይም የጊታሩ ክር እጅ የሚነዝር ከሆነ ፈተናውን ተዉት፣ አምፑንም ከሶኬት ንቀሉት። በብዙ ቤት ያለው ሶኬት የመሬት መስመር የለውም፣ እንዲህ ያለ ንዝረትም እንደ ተራ ነገር መታየት የለበትም።

ጊታሩ ላይ ከሆነ ብዙ ጊዜ ባትሪ ነው። ፒክአፕ የተገጠመላቸው አኩስቲክ ጊታሮች አብዛኛዎቹ ባለ 9 ቮልት ባትሪ አላቸው። አንዳንድ ኤሌክትሪክ ጊታሮችና ቤዞችም አላቸው። ክራርና መሰንቆ ላይም እንዲህ ያለ ፒክአፕ ሲገጠም አይቻለሁ። ባትሪው የሚበራው ጃኩ ሲሰካ ነው። ስለዚህ ኬብሉን ሰክቶ የሚያሳድር ሰው ባትሪው ቶሎ ያልቅበታል። ሌላው የጊታሩ ጃክ ብሎን መላላት ነው። ብሎኑ ሲላላ ጃኩ አብሮ ይዞራል፣ ውስጥ ያለችው ቀጭን ሽቦም ትበጠሳለች። ጃኩ ሲዞር ካያችሁ ሽቦዋ ሳትበጠስ አጥብቁት።

ወደ ቡሬው ልመለስ። ኬብል ቀየርን፣ ጊታር ቀየርን፣ ጣት ሞከርን። ምንም የለም። ሽውታው ግን አለ። ያኔ ልጁ ወደ አምፑ ጀርባ ዞረና ኢፌክት ሉፕ የሚባሉትን ሁለት ቀዳዳዎች አየ። በብዙ አምፕ ላይ «ሴንድ» እና «ሪተርን» ተብለው ተጽፈዋል። ፕሪአምፑ ድምፁን በሴንድ ያስወጣል፣ ፓወር አምፑ በሪተርን ይቀበላል። ምንም ካልተሰካባቸው በሪተርን ጃክ ውስጥ ያለች ትንሽ የብረት ምላስ ሁለቱን ታገናኛለች። ያቺ ምላስ ስትዝግ፣ አቧራ ሲገባባት ወይም ስትለጠጥ መንገዱ እዚያው ይቆረጣል። ድምፁ ከፕሪአምፑ ይወጣል፣ ፓወር አምፑ ዘንድ ግን አይደርስም።

ልጁ መጀመሪያ ስልኩን በሪተርን በኩል ሰክቶ ዘፈን ለቀቀ። አምፑ ጮኸ! ያኔ ግማሹ ተረጋገጠ። ቀጥሎ ከፔዳሎቹ መሃል አጭሯን ኬብል አንስቶ ከሴንድ ወደ ሪተርን ሰካት። ጊታሬን ስነካው ድምፁ እንደ ድሮው መጣ። ያን ሠርግ በዚያች አጭር ኬብል ጨረስነው። አምፑን ማንም አልከፈተም፣ ማንም አልከፈለም። ጀርባው ላይ ሉፕ ያለው አምፕ ካላችሁ ከማንም በፊት ይህን ሞክሩ። ከአምፕ ዝምታዎች ሁሉ በቀላሉ የሚድነው ይህ ይመስለኛል፣ ብዙ ሰው ግን አያውቀውም።

የሄድፎን ጃክም ተመሳሳይ ጠባይ አለው። ሄድፎን ሲሰካ ውስጥ ያለው ምላስ ተነስቶ ስፒከሩን ያጠፋል። ሄድፎኑ ሲነቀል ምላሱ መመለስ አለበት። ካልተመለሰ ስፒከሩ እንደተዘጋ ይቀራል። ለማወቅ ሄድፎን ሰክታችሁ አዳምጡ። በሄድፎኑ ጥርት ብሎ ከተሰማ፣ በስፒከሩ ግን ከሌለ፣ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ያንን ጃክ ነው። አምፑን አጥፍታችሁ መሰኪያውን ደጋግማችሁ አስገቡ፣ አውጡ። ብዙ ጊዜ ዝገቱ ይፋቃል።

ዝገት ስል ማጋነኔ አይደለም። የጎጃም ክረምት ረጅም ነው። ደብረ ማርቆስም ሆነ እንጅባራ ጭጋግና እርጥበት ቤት ውስጥ ድረስ ይገባል። አምፑ ምድጃ ካለበት ቤት ሲቀመጥ ደግሞ ጭሱ እርጥቡ ላይ ይለጠፋል። ክረምቱን ሙሉ ሳይነካ የከረመ አምፕ ኅዳር ላይ ሲበራ ቢንኮሻኮሽ ወይም ዝም ቢል አይገርምም። ኮንታክት ክሊነር የሚባለው ስፕሬይ ለጃክም ለቮሊዩምም የተሠራ ነው። እሱ ከሌለ ሞባይል ጠጋኞች የሚጠቀሙበት ንጹሕ አልኮል ይሆናል። መሰኪያው ላይ ትንሽ ቀብቶ ማስገባትና ማውጣት፣ ከዚያ ሳያበሩ በደንብ እስኪደርቅ መጠበቅ። ሽቶ፣ ላምባ፣ የሞተር ዘይት አይሆኑም። ቅባቱ ውስጥ ይቀርና አቧራ ይሰበስባል። እኛ አሁን አምፖቻችንን ከመሬት ከፍ አድርገን፣ በጨርቅ ሸፍነን እናስቀምጣለን። በክረምትም ቢያንስ በሳምንት አንዴ እናበራቸዋለን፣ ማዞሪያዎቹን ሁሉ ከዳር እስከ ዳር እናዞራቸዋለን።

አሁን ደግሞ ሽውታው ጭራሽ የሌለበት። ጀርባው ክፍት የሆነ አምፕ ከሆነ አጥፍታችሁ፣ ነቅላችሁ፣ ወደ ስፒከሩ የሚሄዱትን ሁለት ሽቦዎች ተመልከቱ። ብዙውን ጊዜ በመሰኪያ ነው የሚያያዙት። ጠጠር መንገድ ያላላቸዋል። አንዱ ወልቆ ተንጠልጥሎ ያገኘንበት ጊዜ አለ። ሽቦው ደህና ከሆነ ስፒከሩን ለብቻው መፈተን ይቻላል። ሽቦዎቹን ከስፒከሩ ነቅላችሁ ተራ የእጅ ባትሪ ድንጋይ፣ ባለ 1.5 ቮልቱን፣ በሁለት ሽቦ ስፒከሩን ለቅጽበት አስነኩት። «ጠቅ» ካለና ወረቀቱ ከተንቀሳቀሰ ስፒከሩ አልተቃጠለም። መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ካላችሁ የበለጠ ነው። 8 ኦም የተባለ ስፒከር በሜትር ሲለካ ከ6 እስከ 7 ገደማ ያሳያል። ጭራሽ ካላነበበ ውስጡ ያለው ጥቅልል ተበጥሷል።

ቲዩብ አምፕ (በትራንዚስተር ፋንታ የመስታወት ቱቦ የሚጠቀመው) በእኛ አገር ብርቅ ነው፣ ግን ያለው ሰው አለና አንድ ነገር ልበል። ቲዩብ አምፕ ስፒከሩ ሳይሰካ ፈጽሞ አይበራም። ድምፁን ወደ ስፒከሩ የሚያሻግረውን የውጤት ትራንስፎርመር ሊያቃጥል ይችላል፣ እሱን እዚህ መተካት ደግሞ ከባድ ነው። ድምፅ ከሌለው ስታንድባይ የሚለውን ማብሪያ እዩ፣ ቲዩቦቹ መቅላታቸውን እዩ። ሁሉም ቀልተው ድምፅ ከሌለ ከፍተኛ ቮልት የሚያልፍበት ሁለተኛ ፊውዝ ሄዶ ሊሆን ይችላል።

ፊውዝ ላይ ደረስን። በዚህ ላይ ጠንከር ብዬ መናገር እፈልጋለሁ።

ማርቆስ ውስጥ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግኑ አንድ አዛውንት አሉ። ጋሼ ነው የምንላቸው። የቤዝ አምፓችንን ይዘን ሄድን።

«ምን ሁኖ ነው?» አሉ።

«ጋሼ፣ ፊውዝ እየበላ አስቸገረን።»

«ፊውዝ የሚበላው ሌላ ነው፣ ልጄ። ፊውዙማ አምፑን ሊያድንላችሁ ነው የሚሞተው። አሁን የሚበላውን እንፈልግ።»

አንድ ባለ 100 ዋት አሮጌ አምፖል አወጡ። የድሮውን፣ ክሩ የሚግለውን። ኤልኢዲ ለዚህ አይሆንም። አምፖሉን በአምፑና በሶኬቱ መሃል በተከታታይ አገናኙትና አበሩ። ጤነኛ አምፕ ቢሆን አምፖሉ ለቅጽበት ብልጭ ብሎ ይደበዝዝ ነበር። የእኛ ግን ቦግ ብሎ በራና እንደበራ ቀረ። «አያችሁ፣ ውስጥ ሾርት አለ» አሉ። አምፖሉ ጅረቱን ስለሚይዘው ሌላ ፊውዝ አልሞተም፣ ሌላ ዕቃም አልተቃጠለም። ከፍተው ሲለኩ ከውጤት ትራንዚስተሮቹ አንዱ ሾርት ሆኖ ተገኘ። ጥንዱን አብረው ቀየሩ፣ አምፖሉን መልሰው አገናኙ። ብልጭ ብሎ ደበዘዘ። ይህን ያገናኙት እሳቸው ናቸው፣ በሙያቸው። የተላጠ 220 ቮልት ያለበት ሥራ ስለሆነ ማንም ቤቱ ይሞክረው ብዬ አልጽፈውም።

እኛ ማድረግ የምንችለው ፊውዙን በትክክለኛው መተካት ነው። አምፑ ጀርባ ላይ ወይም ፊውዙ ብረት ላይ ልኩ ተጽፏል። ለምሳሌ «ቲ 1 ኤ 250 ቪ» ቢል፣ «ቲ» የሚለው ቀስ ብሎ የሚቆረጥ ዓይነት መሆኑን ነው። «ኤፍ» ከሆነ ፈጥኖ የሚቆረጥ ነው። ቁጥሩም ፊደሉም አንድ መሆን አለበት። አዲሱ ፊውዝ ወዲያው ከሞተ ሌላ አትጨምሩ። እዚያ ላይ የእኛ ሥራ አብቅቷል። የሲጋራ ብር ወረቀት ፊውዝ ላይ መጠቅለል፣ በሽቦ ማገናኘት፣ ትልቅ ልክ ያለው መክተት፣ ይህን ሁሉ አይቻለሁ። በአንድ ፊውዝ ይቆም የነበረው ጉዳት ትራንስፎርመሩ ድረስ ይሄዳል። እሳትም ያስነሳል። ድንኳን ደግሞ ጨርቅ ነው።

ዘመድ ከአሜሪካ የላከው አምፕ ሲሆን ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ። እዚያ ያለው 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። ቮልት መምረጫ ማብሪያ ካለው ወደ 220 ወይም 230 አድርጉት፤ ያኔ የፊውዙ ልክም ይቀየራል፣ ጀርባው ላይ ይጻፋል። መምረጫ ከሌለው ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፣ ዋቱም አምፑ ጀርባ ላይ ከተጻፈው ፍጆታ መብለጥ አለበት። የመሰኪያ መለወጫዋ ቅርጹን እንጂ ቮልቱን አትለውጥም። ይህን ሳያስተውሉ የተሰኩ አዳዲስ አምፖች ሲጨሱ አይቻለሁ፣ አንዳንዶቹ ገና ካርቶናቸው አጠገባቸው ነበር።

መብራት ሲሄድ ወዲያው እንነቅላለን። ሲመጣም ጥቂት ደቂቃ እንጠብቃለን፣ ሲመለስ ከፍና ዝቅ ይላልና። ጀነሬተር ላይ ስንሠራ ማንም ምንም ከመሰካቱ በፊት ዲቫይደሩን በመልቲሜትር እንለካለን። ከ220 ብዙ ከራቀ አንሰካም፣ ሙሽራ ቢጠብቅም።

ስለ መክፈት ደግሞ። እኔ ብሎን ፈትቼ ቦርድ ውስጥ አልገባም። ከሶኬት የተነቀለ አምፕ ውስጥ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች ኃይል ይዘው ይቆያሉ። በቲዩብ አምፕ ይህ ከ300 እስከ 500 ቮልት ሊሆን ይችላል። ይገድላል። በጠጠር መንገድ የተሰነጠቀ የጃክ እርሳስ ብየዳ፣ እንደ ቲዲኤ2050 ያለ የተቃጠለ የድምፅ ማጉያ ቺፕ፣ ያበጠ ካፓሲተር፣ እነዚህ የባለሙያ ናቸው። ብዙዎቹ ግን በአንድ ከሰዓት የሚሠሩ ስለሆኑ ባለሙያ ጋ መድረስ የአምፑ መጨረሻ አይደለም።

ስትሄዱ ያያችሁትን ሁሉ ንገሩት። ሽውታው ነበረ ወይስ አልነበረም? በሪተርን ስልክ ሲሰካ ሠራ? በሄድፎን ይሰማል? ድምፁ በአንዴ ጠፋ ወይስ እየቆራረጠ? የተቃጠለ ነገር ሸተተ? መብራት ሲመለስ ነው የሆነው? ሰው ስንት ሰዓት ሊፈልግ የሚችለውን ነገር እነዚህ መልሶች ያሳጥሩታል። የኃይል ገመዱን፣ የእግር ማብሪያውንና ስፒከሩ የተለየ ከሆነ ስፒከሩንም አብራችሁ ውሰዱ። ጊታራችሁንና ደህና መሆኑን ያረጋገጣችሁትን ኬብል ያዙ። ሬዲዮ ጠጋኝ ቤት ጊታር አይኖርም፣ ሥራው ሲያልቅ ደግሞ እዚያው ሰክታችሁ ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ ድምፅ መሞከር አለባችሁ።